ከአጥሩ ወዲያ የቀረጽኩት

ኅዳር 5፣ 2001 ዓ.ም.፣ አርብ፣ ጠዋት 4፡00

የቡኢዎቹ ሙሽሮች ቪዲዮ ኤዲት ላይ ነው። አሥረኛዋን የኢፌክት ልብ አሁን አስገባሁ። ጋሽ ደጉ ልብ ካልፈነዳ ሠርግ አይመስለውም። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ ልብ። ኬክ ሲቆረስ ልብ። አማቷ ስታለቅስም ልብ! ሴትዮዋ በደስታ ታልቅስ በንዴት ማን ጠየቃት።

አጀንዳዬ፣ ለአንተ ካልተነፈስኩ ለማን ልተንፍስ። እዚህ ስቱዲዮ ሦስት ዓመቴ። ካሜራ ተሸክሜ አውቃለሁ፤ ሻንጣውን ማለቴ ነው። ቀርጬ አላውቅም። ጋ/ደ ይቀርጻል፣ እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀጥላለሁ፣ ልብ አፈነዳለሁ። (ጋ/ደ ያው ጋሽ ደጉ ነው፤ ከእንግዲህ ሙሉውን አልጽፍም፣ ቀለም ይጨርሳል።) ሴት ካሜራ ይዛ ሙሽራ ፊት ስትንጎራደድ ደንበኛ ይሸሻል ይላል። ቡታጅራ ውስጥ የእሱን የተንቀጠቀጠ ቀረጻ ከእኔ በላይ ያየ ሰው የለም።

ዛሬ ሁለት ልጆች መጡ። ክሊፕ ሊያሠሩ። ራፕ! ሙባረክን አውቀዋለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ አባቱ በርበሬ የሚረከቡበት መጋዘን ውስጥ ነው የሚውለው። ሌላው ኢዮብ ይባላል፣ ከወልቂጤ። በሳምንቱ ቀናት ከአባቱ ጋር ቁምሳጥንና አልጋ ይሠራል፣ እሁድ የኳየር ኪቦርድ ይጫወታል። ራፕ መጀመሩን ኳየሩ ገና አልሰማም። ጠረጴዛዬን ሲደገፍ የመጋዝ ብናኝ ትቶልኝ ሄደ። አንዱ ሙስሊም አንዱ ጴንጤ፣ አንዱ ለፍላፊ አንዱ ዝምተኛ። ግጥሙን በቴክስት ነው አሉ የጻፉት። አንዱ ከወልቂጤ አንድ መስመር ይልካል፣ ሌላው ከቡታጅራ ይመልሳል። ስምንት ወር!

ለአረፋ ይድረስልን አሉ። አረፋን ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከተማውን ያጨናንቀዋል፤ ቪሲዲ የሚሸጠው ያን ጊዜ ነው። ጋ/ደ እሺ አለ። ኢፌክት በነጻ እጨምርላችኋለሁ ብሎ። ወይ ጉዴ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ቀረጻ። እኔ ብርሃን መላሹን ነጭ ሰሌዳ ይዤ። እጄ ዝሎ ብዕር አልይዝልህ ብሎኛል።

የፈራሁት ነገር ነበር። ጥቁር መነጽር፣ የውሸት ሰንሰለት፣ በሰዓት የተከራዩት መኪና። የአዲስ አበባዎቹን ክሊፕ አይተው ያንኑ ሊገለብጡ። አልገለበጡም! ሙባረክ በሥራ ልብሱ መጣ። በርበሬ የሚገለብጡት ሰዎች እንደሚያደርጉት አፍንጫው ላይ ሻሽ አስሮ፣ ቅንድቡ ላይ ቀይ ብናኝ። ኢዮብ በቱታው፣ እርሳሱ ጆሮው ላይ እንደተሰካ። ግቢው ሙሉ የተሰጣ በርበሬ። ቀይ ምድር ላይ አንድ ቀይ ሰውና አንድ ብናኝ የለበሰ ሰው፣ ሌላ ቀለም የለም። ሌላ ቀለም ያለው ዕቃ ከጀርባቸው እየተለቀመ ይውጣ ያለው ኢዮብ ነው። ሰማያዊ ባልዲ ነበረች፣ ራሱ ተሸክሞ አወጣት። ጋ/ደ ባልዲዋ ምን አደረገችህ ብሎ ሳቀበት። እኔ አልሳቅኩም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከሙሽራ ጀርባ ባልዲ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ሁላችንም አስነጠሰን። ጋ/ደ በመሀል አስነጥሶ ካሜራው ዘለለ። እንደገና እንሥራው አለ። ሙባረክ እምቢ። ይግባ አለ፣ ማስነጠሱ ራሱ ምት ላይ ነው የወደቀው። እውነቱን ነው፣ ቤት ገብቼ አዳመጥኩት። ይህን ማን አስተማራቸው? ቀናሁባቸው። ኮርቼባቸዋለሁም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

ግጥሙን በወረቀት ስጡኝ አልኳቸው፣ ለኤዲት እንዲመቸኝ። ውሸቴን ነው። ላነበው ነው። ርዕሱ «ከአጥሩ ወዲህ»። የሙባረክ ስንኝ እንዲህ ይጀምራል፦

ጆንያዬ ላይ ቆሜ፣ ቀይ ነው ምድር ሰማዩ፣
የሚያስነጥስ ግጥም ነው፣ መሐረብ ይዛችሁ እዩ።

ብቻዬን ሳቅኩ። ጋ/ደ ምን ሆነሽ አለኝ። አዝማቹን ሁለቱም ይሉታል፣ በመካከላቸው ስላለው የጉራጌ ተራራ ነው፦

ተራራው ቢከልለን፣ መንገዱ ቢያደክም፣
ድምፄ ይድረስህ በቃ፣ እግሬ ባይቀድምም።

የኢዮብን ሳነብ ግን ሳቄ ቆመ። እናቱ እንሰት ስትፍቅ ነው። እምድብር አጠገብ ያደገበት የአያቱ ቤት። ወንድ እዚያ ቦታ አይገባም፣ ታውቃለህ፤ እንሰት የሚፋቅበት ጓሮ የሴቶች ነው፣ ሕፃንም ቢሆን ወንድ ከሆነ ከአጥሩ ወዲህ ይቀራል።

ኳሴ እዚያ ብትገባ፣ ቆሜ ቀረሁ ደጅ፤
ድምፁን በቃሌ አውቃለሁ፣ መልኩን አላየሁም እንጂ።

ሁለት መስመር። እኔ እናቴ ስትፍቅ ስንት ጊዜ አጠገቧ ተቀምጫለሁ! አንድም ቀን የሚጻፍ ነገር ነው ብዬ አላሰብኩም። አስቀናኝ አልኩህ አይደል?

ኢዮብ ለመጨረሻው ስንኝ ከበሮ አልፈልግም ይላል። የመፋቂያውን ድምፅ ነው የምፈልገው፣ እውነተኛውን፣ ሸር ሸር የሚለውን። ሙባረክ አክስቴ መስቃን ገጠር ናቸው፣ ቅዳሜ ሴቶቹ በደቦ ይፍቃሉ አለ። እንሄዳለን።

ጋ/ደ በርበሬው ላይ የእሳት ነበልባል ኢፌክት አስገብቶልኛል። ምሳ ሲሄድ አወጣሁት። ሲመለስ ኮምፒዩተሩ ተቆልፎ ጠፋ አልኩት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9፡00

ቀረጽኩ። እኔ! በእጄ!

በቅደም ተከተል ልጻፍልህ። አስፋልቱ ካለቀበት በጋሪ፣ ከዚያ በእግር። የሙባረክ አክስት እትዬ ዘሃራ በር ላይ ተቀበሉን፣ ሰላምታ፣ ውሃ። እሺ፣ ግቡ ያሉን መስሎን ወደ ጓሮው ስናመራ ከአጥሩ ጋር ቆሙ። ወንዶቹ እዚሁ። ሙባረክና ኢዮብ ያውቁታልና ቀድመው ቆመው ነበር። ጋ/ደ ግን የአሰላ ሰው ነው፣ ቀረጻ ነው እኮ እትዬ፣ ዓይኔን ከካሜራው አልነቅልም አለ። እትዬ ዘሃራ ሳቁበት፣ አልተንቀሳቀሱም። ይህቺ ትግባ አሉ፣ ወደ እኔ በአገጫቸው እያመለከቱ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፣ ወንድ አይገባም አይደል? አይገባም አልን አራታችንም።

ጋ/ደ ካሜራውን ሲሰጠኝ ልጁን ለማያውቀው ሰው እንደሚሰጥ አባት ነበር። እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። ቀጥሎ ግን ምን አለ መሰለህ፣ ጥሩ ከሆነልሽ የጥርን ሠርጎች አብረሽኝ ትቀርጪያለሽ። ሙባረክ ሰምቷል። ምስክር አለኝ።

ውስጥ ስድስት ሴቶች። የእንሰት ቅጠል መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ሳንቃዎቹ ጋደል ብለው ቆመዋል። እያንዳንዷ ተቀምጣ አንድ እግሯን አንሥታ በተረከዟ የእንሰቱን ልጥ ከሳንቃው አናት ላይ ትይዛለች፣ በቀርከሃው መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ቀሚስ እስከ ጭን የተሰበሰበ፤ ካልተሰበሰበ ሥራው አይሠራም። ነጩ ነገር ይወርዳል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፣ ፀሐይዋ በቅጠሉ ውስጥ አልፋ ሁሉን አረንጓዴ አድርጋዋለች። ስድስት መፋቂያ፣ መጀመሪያ የየራሱን ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ አንድ ላይ ይገጥማል። ማንም አልቆጠረላቸውም። የልጆቹን ዘፈን ከስልኬ ከፈትኩላቸው። ተሳሳቁ። ከዚያ እትዬ ዘሃራ እጃቸውን ሳያቆሙ በጉራጊኛ መለሱላቸው፣ እየገጠሙ! እነዚህ ሁለቱ ጩኸታቸው ሲያልቅ ራበን ማለታቸው አይቀርም፣ ያን ጊዜ ማን ፋቀው ብላችሁ ጠይቋቸው። አምስቱ ተቀበሏቸው። እኔ ትንፋሼን ይዤ፣ እጄ አልተንቀጠቀጠም። አልተንቀጠቀጠም አጀንዳዬ!

ልጆቹ ከመጋዘን እንደተመለሱ ቴሌቪዥኑ ላይ እናየዋለን። ጋ/ደ የሚያይልኝ ሰኞ ነው። ቁጭ ብዬ መጠበቅ አቃተኝ።

ያው ቅዳሜ፣ 12፡00

ምን ዓይነት ደንቆሮዎች ነን።

ካሜራውን በገመድ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁት። ሦስታችን። ድምፁ ሲጀምር ሙባረክ ራሱን መወዝወዝ ጀመረ። ኢዮብ ለጥቂት ሰከንድ ዓይኑን ተክሎ አየ። ከዚያ ተነሣ፣ ወደ ግድግዳው ዞረ። ፊቱን ወደ ቀለሙ አስጠግቶ ቆመ። ሙባረክ አሁንም እየተወዘወዘ ነው፣ ይኸውልህ እንዴት ያምራል ይላል፣ ይኸው አክስቴ… ብሎ አቆመ። አክስቱ ናቸው። ጭናቸው። የአጎቱ ሚስት ሙኒራ አጠገባቸው። ዘሎ ቴሌቪዥኑን ነቀለው፣ ሶኬቱን ከነብልጭታው።

ገባህ? ወንድ እንዳይገባ ብለን ሦስት ወንድ ከአጥር ውጪ አቁመን፣ ሴት ልከን፣ ቃል ገብተን፣ ከዚያ ወንዶቹን ሰብስበን አሳየናቸው! አራት ሰው ነን፣ አንዳችን እንኳ አላሰብንም። እኔ አላሰብኩም። እኔ እኮ ሥራዬ ማሳየት ነው!

ሙባረክ ጮኸብኝ። እንዲህ አድርገሽ ትቀርጫለሽ እንዴ? አዎ አልኩት፣ እንዴት ላድርግ፣ እግራቸውን ልቆርጠው ነበር? አንተ አይደለህ ያመጣኸን? ኢዮብ ከግድግዳው ሳይዞር ስሙን አፍሬ የማልጠራው ዘፈን ከሆነ ይቅር አለ ቀስ ብሎ። ወጡ። ለየብቻ ወጡ፣ አንዱ በግራ አንዱ በቀኝ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ኢዮብ ወልቂጤ ገብቷል። ስልኩን አያነሣም። ሙባረክ አንሥቶ ቆዪ ይላል፣ ቆይቶም ቆዪ ይላል።

ጋ/ደ፦ በይ አሳዪኝ። ገና ኮምፒዩተር ውስጥ አልገባም አልኩት፤ እውነት ነው፣ ሃርድ ዲስኩ በሠርግ ጢም ብሏል፣ ያለው ያቺ አንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። ታዲያ በካሜራው አሳዪኝ። ባትሪ የለውም። ባትሪው ሙሉ እንደነበር እሱም ያውቃል።

ባሳየውስ? አንድ ወንድ ነው፣ አሰላ ነው ያደገው፣ ምኑም አይደለም። አንድ ደቂቃ ብቻ። ጥር ደረሰ። ጠዋት ከልቤ አሰብኩት። በኋላ እትዬ ዘሃራ አንድ ነገር ብቻ እንደጠየቁን ትዝ አለኝ። አላሳየሁትም። አፈርኩ፤ ለምን ጠዋት አሰብኩት ብዬ ነው ያፈርኩት።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ብቻዬን መስቃን ሄድኩ። ጋ/ደን ጥርሴን አመመኝ አልኩት። ውሸቴ በዛ።

ካሜራውን ሳይነቃብኝ ይዤ። እትዬ ዘሃራን ይቅርታ ልላቸው ሳይሆን መጀመሪያ ላሳያቸው፣ ምን እንደወሰድኩ ይወቁ። በትንሿ መስኮት አጎንብሰው አዩ። ሙኒራም መጣች፣ ሁለት ጎረቤቶችም። ራሳቸውን በሥራ ላይ አይተው አያውቁም! ሳቅ በሳቅ። ሙኒራ የእኔ እግር ነው ይሄ ብላ ፊቷን ሸፈነች፣ በጣቶቿ መሀል አየች። እትዬ ዘሃራ አልሳቁም። እንደገና ክፈቺው አሉ። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ ይህን ነው የምሠራው?» አሉ። ደስ ብሏቸው ነው ያሉት፣ አየሁት ፊታቸው ላይ።

ከዚያ ማን ያየዋል አሉኝ። ነገርኳቸው። አውቶቡስ ውስጥ የሚሄድ ሁሉ፣ ሻይ ቤት፣ አዲስ አበባ፣ ወንዱም ሴቱም። ቅዳሜ ሙባረክና ያ የወልቂጤው ልጅ እንዳዩትም፣ ልጁ ወደ ግድግዳ እንደዞረም ነገርኳቸው። ሙኒራ ተነሥታ ወጣች።

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም። ያ ልጅ ዞረ አልሽኝ? ብለው ጠየቁ። አዎ። ማን ነው ያሳደገው አሉ። አያቱ። ጥሩ አድርጋለች። ከዚያ ቁርጡን ነገሩኝ፦ ድምፁን ውሰዱት፣ ድምፃችን ዱሮም አጥሩን ዘሎ ይሰማ ነበር፣ ግጥሜንም ውሰዱት፣ ይስሙት እንዲያውም። ሌላው ይጥፋ። «አንቺ አይተሽዋል። ይበቃል።»

እሺ አልኩ። ማልኩ። እስከ አስፋልቱ እያለቀስኩ ሄድኩ፣ ለማን እንዳለቀስኩ አትጠይቀኝ።

ኅዳር 18፣ ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

ድምፁን ብቻ ወደ ኮምፒዩተር አስገባሁ። አሁን ምስል የሌለው ስንኝ አለኝ፣ የዘፈኑ ምርጥ ቦታ። ምን ላድርግበት? እንሰት ቅጠል? የተራራ ፎቶ? ጋ/ደ ቢሆን ጽጌረዳ ያስገባበታል።

የኢዮብን ወረቀት አወጣሁ። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልጁ አንድ ጊዜ እንኳ አየሁ አይልም። ሰማሁ፣ ቆምኩ፣ ጠበቅኩ። ደጅ ነው ያለው! ዘፈኑ ራሱ ከአጥሩ ወዲህ ነው፣ ርዕሱ ላይ ጽፎልናል፣ እኛ ነን ካሜራ ይዘን ዘልለን የገባነው። ልጁ ምን እንደሚታይ ገና ሲጽፈው ያውቅ ነበር፣ እኛ አላነበብነውም እንጂ።

ሁለቱ አጥሩ ጋ ይቆሙ። ጀርባቸውን ለእንሰቱ ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ እኛ። አይራፑ። አይወዛወዙ። አፋቸውን ይዝጉ። ከጀርባቸው ሴቶቹ ይግጠሙባቸው! ስንኙ እስኪያልቅ እነሱ ይስሙ።

ለሁለቱም በቴክስት ላክሁት፣ እንደነሱ። ኢዮብ ከአምስት ቀን ዝምታ በኋላ አንድ ቃል መለሰ፦ መጣሁ። ሙባረክ ግን ደወለ፣ ተንተባተበ፣ የቅዳሜውን ይቅርታ ጠየቀኝ። ለፍላፊ ሲንተባተብ ደስ ይላል።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ

መስቃን፣ አጥሩ ጋ ስንደርስ ጋ/ደ ካሜራውን አልሰጠኝም። ባለፈው አበላሽተሽዋል አለኝ፣ ባታበላሺው ኖሮ ታሳዪኝ ነበር። ልጆቹ ፊት። ሙባረክ አፉን ሊከፍት ሲል በዓይኔ ያዝኩት። ምን ይበል? አላበላሸችም፣ የአክስቴ ጭን ጥርት ብሎ ወጥቷል ይበል?

ዋጥኩት። ኮሶ ነበር።

ቢሆንም የት እንደሚቆም እኔ ነገርኩት፣ መቼ እንደሚጀምር እኔ ነገርኩት፣ አታቅርብ አትንካው ዝም ብለህ ቁም አልኩት። ጋ/ደ ዙም ሳያደርግ ሲቀርጽ በሕይወቱ የመጀመሪያው ይሆናል። ሴቶቹ ውስጥ ዛሬም እየፋቁ ነበር፣ ድምፁ በቀጥታ ይሰማ ነበር። ሁለቱ ቆሙ። ቀዩና ብናኛሙ፣ ከጀርባቸው ያ ሁሉ አረንጓዴ። እትዬ ዘሃራ ያንኑ ግጥም ጀመሩ፣ ግን ጨምረውበታል፣ የወልቂጤው ልጅ ራበኝ ቢል እሰጠዋለሁ፣ የእህቴ ልጅ ግን ይጠብቃል! ሙባረክ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ። ኢዮብ ጉራጊኛውን ሰምቶ ዓይኑ ሞላ፣ አልጠረገውም። ጋ/ደ ሊቆርጥ ሲል እጁን ያዝኩት። ይቀጥል።

እንዴት ያለ ነገር ነው የሠሩት። ራፐር ዝም ሲል አይቼ አላውቅም።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

አለቀ። ማስተሩ፣ የሚባዛው ዋናው ዲስክ፣ በጠዋቱ ሚኒባስ መርካቶ ሄደ፣ የሙባረክ ዘመድ ያባዛዋል። ምንም ኢፌክት የለውም። አንድ ልብ የለ፣ አንድ ነበልባል የለ። ጋ/ደ ድህነት ይመስላል አለ፣ ግን ሁለቴ አየው፣ ቆጥሬዋለሁ።

መጨረሻ ላይ የሚወርዱትን ስሞች እኔ ጻፍኳቸው። ግጥም፦ ሙባረክና ኢዮብ፣ የመጨረሻው ስንኝ ዘሃራ። ካሜራ፦ ደጉ። ኤዲቲንግ፦ ት። ሙሉ ስሜን ለማስገባት ቦታ ነበር። ለምን እንዳላስገባሁት አላውቅም፣ እልህ ይሆናል።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

አረፋ አለፈ። መናኸሪያው ፊት ያለው ሻይ ቤት ቴሌቪዥኑን ወደ ደጅ አዙሮ ሦስቱንም ቀን እሱን ሲደጋግም ነበር። ሄጄ ከኋላ ቆምኩ። በማስነጠሱ ሁሉም ይስቃል። የአጥሩ ቦታ ሲደርስ ግን ጸጥ። ከአዲስ አበባ የመጡ ጎረምሶች፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል፣ ጸጥ! አንድ ሾፌር የእናቴ ጓሮ ነው አለ፣ ለማንም አይደለም፣ ለራሱ። ቆጮ የምትሸጠው ሴት ውስጡን ባያሳዩን ጥሩ አደረጉ አለች። ልጆቹን አደነቅኳቸው፣ ከልቤ። ኢዮብ እሁድ ኳየሩ እንደጠራው ጽፎልኛል፤ ሽማግሌዎቹ ክሊፑን አይተው ለጊዜው ዝም ብለዋል፣ ኪቦርዱንም አልወሰዱበትም።

ጋ/ደን ሰው ሁሉ ያቺን የአጥር ቀረጻ እንዴት አሰብካት ይለዋል። ፈገግ ይላል። ልምድ ነው ይላል!

ካሴቷ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ናት። አላጠፋኋትም። ሁለት ሳምንት። ነገ ነገ እያልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ማታ ማታ ከካሜራው ጋር ቤት እየወሰድኩ አያታለሁ። ጋ/ደ ልምድ ነው ባለ ቁጥር፣ አንተ መሀይም ና እይ ልለው እጄ ወደ መሳቢያው ይሄዳል። በእጄ የሠራሁት ጥሩ ነገር እሱ ብቻ ነው። ሌላ ማስረጃ የለኝም።

ታኅሣሥ 3፣ አርብ፣ ከቀኑ 8፡20

ጋ/ደ መስቃን ወርዷል፣ የጥር ሠርግ ሊዋዋል። ስቱዲዮው የእኔ ብቻ ነው። ካሜራው ጠረጴዛ ላይ፣ ሌንሱ እንደተከደነ። ካሴቷን ወደ መጀመሪያው መልሼ ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩ። በላዩ ላይ ጨለማ እየቀረጸ ነው። አርባ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ተነሥቼ እንዳላቆመው አንተን ያዝኩ።

የትኛው የት እንዳለ በቃሌ አውቀዋለሁ።

8፡21። የራሴ ጫማ ሄደ። ማጥፋት ረስቼ የቀረጽኩት። ይሂድ።

8፡26። ሙኒራ መፋቂያዋን ስትስል። መዳፏ ላይ ያለችው ጠባሳ።

8፡33። ስድስቱ መፋቂያዎች የሚገጥሙበት። ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብዬ የሄድኩበት። አንድም ቦታ አልተንቀጠቀጠም ነበር። ሄደ።

8፡41። የእንሰቱ ውሃ በክንድ ላይ ሲወርድ፣ ፀሐይ ስታልፍበት። ይህን ከእኔና ከእነሱ በስተቀር ያየ የለም። ሙባረክና ኢዮብ እንኳ እዚህ አልደረሱም ነበር።

8፡47። ስልክ። ጋ/ደ ነው። ልጻፈው ቶሎ። የሙሽራዋ ቤተሰብ ሙስሊሞች ናቸው፣ የሴቶቹን ክፍል የምትቀርጽ ሴት ካልመጣች አንዋዋልም ብለውታል። የምታውቂው ሴት ካሜራማን አለች ወይ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ያቺ የአንቺ ካሴት አለች? አንድ ደቂቃ የምትረባ ካላት ይዘሽልኝ ነዪ፣ የሙሽራዋ እናት ሥራ ሳላይ አልስማማም ብላለች።

ሴት ናት እኮ የምታየው። ሴት! ቢቆም አሁን፣ ገና አሥራ አራት ደቂቃ አለ። የእትዬ ዘሃራ አለ፣ ቀና ብለው በቀጥታ ያዩኝ፣ ከሁሉ የሚበልጠው። ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር።

ግን ካሴቷን የሚወስዳት ጋ/ደ ነው። ልምድ ነው ባዩ። ቀድሞ ሳያይ አይሰጥም።

የሚታይ የለኝም አልኩት። ጠፍቷል። ግን ሴቷ እኔ ነኝ፣ ካሜራውን ይዤ ልምጣና እዚያው ቤታቸው ልቅረጽላቸው፣ ከወደዱት ይዋዋሉ፣ ካልወደዱት እንደበፊቱ ሻንጣህን እሸከማለሁ።

ከጀርባው ሴቶች ሲያወሩ ይሰማኛል፤ ቆዪ እደውላለሁ ብሎ ዘጋው።

8፡53። እትዬ ዘሃራ አሁን ናቸው።

9፡01። ጠቅ ብሎ ቆመ። ጋ/ደ ደወለ መልሶ። ጋሪ ይዘሽ ነዪ፣ ባትሪውን አትርሺ ይላል፣ ስንት ሰዓት ትደርሻለሽ ይላል። ልሂድ አጀንዳዬ።